ሁለት ፊት ያለው ግድግዳ

እናቴ ቤቷን ለመልአኩ ተሳለች። ቤቷን ስል የቤቱን ግምት ወይም የጓሮውን ፍሬ ማለቴ አይደለም። ድንጋዩን ነው፤ ጥርቡንም ጥሬውንም፣ ፈርሶ ለደብሩ ቅጥር እንዲውል። የተሳለችው ስለ እኔ ነበር። «ልጄን በሕይወት ካሳየኸኝ» አለች፤ እኔም በሕይወት ታየሁ። ከዚያ ወዲህ የቀረው ነገር ክረምት ሳይገባ ቤቱን ማፍረስ ብቻ ሆነ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሰባውን የተሻገረች ሴት ዝናቡን የት ሆና እንደምታሳልፈው በስለቱ ውስጥ አልተጠቀሰም።

ቤቱ ከይፋግ ወደ ጣና በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ቤት አይመስልም፤ ዳገቱ ራሱ ትንሽ ወደ ፊት ወጣ ብሎ በር ያበጀ ይመስላል። ድንጋዩ ጥቁር ነው። የማዕዘኖቹ ተጠርቧል፤ የቀረው ከመሬት እንደ ወጣ ተክቧል። የሠራው የአባቴ አያት ሲሆን ቅኔ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹን ከቅኔው ይልቅ ድንጋይ ያሸክማቸው ነበር ይባላል። ከእሱ ዘንድ የወጣ አንድም ስመ ጥር ባለቅኔ አለመኖሩን ሳስብ ወሬው እውነት ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። ግድግዳው ግን ስመ ጥር ነበር።

የግድግዳው የውጪ ፊት በኖራ ተመርጓል። ኖራው በእንቁላል የተለወሰ ነው ይላሉ። በእኛ አገር ሳይፈርስ የቆየ ግንብ ሁሉ በእንቁላል የተለወሰ ነው፤ ይህን ሁሉ እንቁላል የጣሉት ዶሮዎች የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የውስጡ ጭቃና ጭድ ብቻ ነው፤ ዝናብ አያየውምና ኖራ አላስፈለገውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤቱ አንድ ረጅም አካል ነው፤ በመካከሉ አንድ ግድግዳ ያልፋል። ከግድግዳው በላይ የሰው ቤት፣ ከግድግዳው በታች ጋጣ። ጋጣው በታችኛው ጫፍ የሆነው የከብቱ ሽንት ወደ ሰው እንዳይመጣ ነው፤ ወለሉም ለዚሁ ሲባል ወደዚያ ዘቅዘቅ ይላል። የሁለቱም ክፍል ወራጆች፣ ጣራውን የተሸከሙት እንጨቶች፣ ከወዲህና ከወዲያ መጥተው ራሳቸውን የሚያሳርፉት በዚያ በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ነው። በግድግዳው ዝቅ ብሎ አንድ ክንድ የምታህል ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል የላማችን ሙቀት ወደ እኛ ይገባል፤ የኛ ጭስ ወደ ላሟ ይሄዳል። እናቴ የምትተኛበት መደብ ከቀዳዳዋ አጠገብ ነው፤ ላሟ ማመንዠክ ካቆመች ከእንቅልፏ ትነቃለች።

ከከተማ የሚመጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ቤት ሲያዩ «ቅርስ» ይላሉ። ቅርስ ማለት ሌላ ሰው የሚኖርበት፣ እኛ ፎቶ የምናነሣው ቤት ነው። እኔ ግን እዚያ አድጌአለሁ። ቁንጫው ፎቶ ላይ አይወጣም። በሌላ ወገን ደግሞ ከጤና ጣቢያ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ማደር ነውር ነው ስትል በየዓመቱ ትመክራለች። እናቴ አንድ ቀን «የማስለው እኔ ነኝ፤ ካስፈለገ ላሟን ምከሪያት፣ ከእኔ እንድትርቅ» አለቻት። ከሁለቱም ጋር አልስማማም ነበር። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ይጎረብጣል፣ ይሸታል። ነገር ግን በዕድሜዬ ሙሉ ሞቆኝ የተኛሁት እዚያ ብቻ ነው፤ አሁን የምኖርበት የባሕር ዳሩ ፎቅ ቤት ቀን ያነድዳል፣ ሲመሽ ደግሞ ምንም አያስታውስም።

ስለቱ የመጣው እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ወደ እናቴ ልሄድ አሰብሁና በስልክ ነገርኋት። በማግሥቱ መነኻሪያ ስደርስ ከሐሙሲት በላይ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ወጣሁና ሐይቁ ዳር ሄጄ ዓሣ ጥብስ አዘዝሁ። የዚያኑ ዕለት ኔትወርክ ጠፋ። እናቴ ጋ የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነው፤ አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ወንዶቹን አውርደዋቸዋል የሚል። መንገዱም ስልኩም ለሳምንታት ተዘግቶ ቆየ። እኔ ይህን ወሬ አላወቅሁም፤ በየቀኑ ጋዜጣዬን እያነበብሁ አገሪቱ ወዴት እየሄደች ነው እያልሁ ከጓደኞቼ ጋር እከራከር ነበር። እሷ በዚያ ጊዜ በባዶ እግሯ ደብሩ በር ላይ ትውል ነበር።

ሰው ጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል። እናቴ ይህ ሁሉ ለእኔ አነሰባት። በዚያው ክረምት ጎርፍ የደብሩን ቅጥር በእርሻው በኩል ጥሎት ስለነበር ከብት እየገባ መቃብሩን ይረግጣል፤ አባቴም ያለው እዚያው ነው። ድንጋይ የሚያመጣ ደግሞ ጠፍቷል። እናም ቤቷን ሰጠች። በሕይወቴ አንድ ሰው የቤት ዋጋ ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መንገድ ሲከፈት ሄድሁ። እንደምትጮህ፣ እልል እንደምትል ጠብቄ ነበር። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጆሮዬን ዳሰሰች፣ ጥርሴን ሳይቀር አየች፤ በሬ የምትገዛ ነበር የምትመስለው። ከዚያ፦

«እንግዲህ ግንበኛ ፈልግ» አለችኝ።

«ለምን?»

ነገረችኝ። ሳቅሁ። አልሳቀችም።

«እምዬ፣ የት ልትኖሪ ነው?»

«ጋጣው አለ አይደል? የተሳልሁት ቤቴን ነው፤ ጋጣውን አላልሁም። ጌታም የተወለደው በበረት ነው።»

«ተወለደ እንጂ አላረጀበትም።»

«አፍህን» አለች።

እስከ ጥምቀት እንቆይ አልሁ። ከጥምቀት በኋላ እስከ ፋሲካ አልሁ። ማዘግየት የማውቀው ሙያ ነው፤ ጽሑፍም እንዲሁ ነው የምጽፈው። በዐቢይ ጾም ግን ሳል ያዘኝ፤ ቀለል ያለ ሳል፣ ባሕር ዳር አቧራ ሲነሣ ሁላችንን የሚይዘን። በስልክ ስስል ሰማች። በሚቀጥለው ቀን ጎረቤት አስደውላ «መልአኩ እያስታወሰኝ ነው» አለችኝ። እህል መቅመስ ትታለች አሉኝ። ሄድሁና አየኋት፤ ቀጥናለች፤ ዓይኗ ከደረቴ ላይ አይነሣም። ሳሌን ለመዋጥ ስሞክር እንባዬ መጣ፤ እሷ እንባውንም በበሽታ ቆጠረችው።

የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድሁ። ብልህ ሰው ናቸው፤ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለሚያዳምጡ ተኝተው ነው ወይስ እየፈረዱ ነው አይታወቅም።

«አባ፣ እኔ እኮ በዚያ ሰሞን ምንም አደጋ ላይ አልነበርሁም። አውቶቡሱም አልተነሣም። ባሕር ዳር ነበርሁ።»

«ምን ትሠራ ነበር?»

«ዓሣ እበላ ነበር።»

«በሰላም በላኸው?»

«በሰላም።»

«እሾህ አልወጋህም?»

«አልወጋኝም።»

«እንግዲያ መልአኩ ሥራውን ሠርቷል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አደጋ ደርሶብህ ቢያወጣህ ኖሮ አንተም ታየው ነበር። ሳይደርስብህ ጠበቀህ። የቱ ይከብዳል?»

«ስለት በሌላ አይለወጥም?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤቲቱ ከፈቀደች ይለወጣል፣ በቤቱ ፈንታ ሌላ ድንጋይ አስመጣ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወደ እናቴ ሮጥሁ። ከይፋግ በላይ ካለው የድንጋይ ካባ በመኪና አስመጣለሁ፣ ከቤትሽ የሚበልጥ ድንጋይ፣ አባም ፈቅደዋል አልኋት።

እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «እኔ አንተን ብዬ ስለምነው ሌላ ልጅ ለውጦ ላከልኝ እንዴ?» አለች።

በቃ። በማግሥቱ ግንበኛ ፍለጋ ወጣሁ።

ግንበኛው ከማክሰኝት መጣ። ወሬኛ ነው፤ ሥራው ከአፉ ያንሳል። ቤቱን ዞሮ አየና የግድግዳውን ውፍረት በክንዱ ለካ።

«ይኼን ቤት የሠራው ሰውዬ ፈሪ ነበር» አለ።

«ምን ፈርቶ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ዘመዱ አንተ ነህ።»

«ልጆቹን ይሆናል» አልሁት።

ለእሁድ ተቀጠረ። ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ሁሉ መጣ፤ ግንበኛው ከላይ እየነቀለ ያወርዳል፣ ሰው ከታች እየተቀበለ ተሸክሞ ወደ ደብሩ ይሄዳል። ወንዱ በትከሻ፣ ሴቱ በጀርባ፣ አቅም ያነሰው ሁለት እየሆነ። እልልታው እስከ ሐይቁ ይሰማል። እናቴ ከደጁ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ለሚያልፈው ሁሉ ትመርቃለች። ፊቷ ላይ ከብዙ ወር ወዲህ ያላየሁት መልክ ተመልሷል፤ እኔም ከማዶ ቆሜ ቤቴ በሰው ጀርባ እየተጫነ ሲሄድ አያለሁ። የሰው ደስታ እንደዚያ ቀን አስጨንቆኝ አያውቅም።

ግድግዳው ሲከፈት ብዙዎቹ ቀርበው ያያሉ። ወርቅ ወይም ብራና ይወጣል ብለው የሚጠብቁ ነበሩ። ብራና ወጣ ብል ለእንደዚህ ያለ ጽሑፍ ይመቸኝ ነበር፤ የወጣው የአይጥ ጎጆና አንድ የተሰበረ ቀንድ ነው። እኔ ግን አሠራሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ግድግዳ የሚመስለው ሁለት ነው። የውጪው ፊት ለብቻው፣ የውስጡ ፊት ለብቻው ይካባል፤ በመካከላቸው ጠጠርና ጭቃ ይሞላል። ሁለቱ እንዳይለያዩ በየተወሰነው ርቀት ከዚህ ፊት እስከዚያ ፊት ዘልቆ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ ይጋደማል። አሳሪ ይሉታል። ጭንቅላቱ በውጪ፣ እግሩ በውስጥ ይታያል። ያ ሁሉ ዘመን ቤቱን ይዞት የኖረው እንቁላሉ አልነበረም።

በሁለተኛው እሁድ የሰው ቤት አለቀ። የቀረው መካከለኛው ግድግዳ ነው፤ ከኋላው ጋጣው፣ ጣራው ግማሽ ክንፉ እንደተሰበረ ወፍ በዚያ ላይ ተደግፎ። እኔ ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር።

«አባ፣ ይህ ግድግዳ የጋጣው ነው» አልሁ። «ወራጁ ያረፈው በእሱ ላይ ነው። እሱ ከተነሣ ጋጣው ይወድቃል። ጋጣው ደግሞ አልተሳለም።»

«የቤቱስ ወራጅ በምን ላይ ነበር ያረፈው?» አሉ።

«በእሱው ላይ።»

«እንግዲያ የቤቱም ነው።»

በመቋሚያቸው የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። ከዚያ ፈረዱ፦ በሰው በኩል የሚታየው ፊት የቤቱ ነው፣ የመልአኩ ነው። በከብት በኩል የሚታየው ፊት የጋጣው ነው፣ የእናቴ ነው። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ፤ ደግ ፍርድ ነው ተባለ። ለአንድ አፍታ እኔም ደግ መስሎኝ ነበር።

ግንበኛው ሳቀ። «አባ፣ ይፍቱኝ፤ ግድግዳ ካባ መሰለዎት እንዴ፣ ገበሩን ትተን ላዩን የምንገፍ?»

«አይቻልም?»

«ይቻላል። እኔ የማልችለው ነገር የለም። ቀስ ብዬ እገፈዋለሁ፤ የቀረውን በእንጨት እደግፈዋለሁ። ጭቃ ነው እንጂ ኖራ የለውም፤ ውጪውን በሸራ እንሸፍናለን።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ጣቱን በአንድ ድንጋይ ላይ አኖረ። «ይኼ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ይኼን ብነቅል ይወድቃል። እተወዋለሁ።»

አሳሪ ነበር። እናቴ ተነሥታ መጣች። ድንጋዩን በዚህ በኩል አየችው፤ ዞራ በጋጣው በር ገብታ በዚያ በኩል አየችው። ተመልሳ መጣች።

«በዚህም ይታያል» አለች።

«ይታያል» አለ ግንበኛው።

«የመልአኩ ነዋ።»

«ያንቺም ነው እማማ፤ በዚያም በኩል ይታያል።»

«ስንት አሉ እንዲህ ያሉ?»

«በየክንዱ አለ። እነሱ ባይኖሩ መች ይቆም ነበር።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው መልክ ጠፍቷል፤ ያ ሳሌን ስትሰማ የነበረው ፍርሃት ተመልሷል። ምን እያሰበች እንደሆነ አወቅሁ፤ ከስለቱ የተቀነሰ እንደሆነ የተሰጠውም ይቀነሳል። ከቤቱ የቀረው አንድ ድንጋይ በእኔ ላይ የቀረ ዕዳ ነው።

«እምዬ፣ አባ ፈርደዋል። ፍርዱ ለአንቺ ነው። ይቅር።»

«የመልአኩ ድንጋይ ጋጣ ውስጥ ይደር?»

«ይደር፤ ሞቆት ይደር።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ነገር ግን ስጨነቅ የሚወጣኝ እንዲህ ያለው ነው። አልተቆጣችም። ክንዴን ይዛ ወደ ዋርካው ሥር ወሰደችኝ።

«አንተ ትስቃለህ» አለች። «ሳቅ። እኔ ግን ይህን ድንጋይ አጠገቤ አድርጌ አልተኛም። ባሳለህ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው የቀረኝን ዕድሜ የምኖረው?»

«እኔ የምለፋው ቤት እንዲኖርሽ ነው።»

«እኔም የተሳልሁት አንተ እንድትኖር ነው።»

ልለምናት ጀመርሁ። ሰው እያየኝ፣ ጉልበቷን ይዤ፣ ምንም ሳላፍር ለመንሁ። ባሕር ዳር እወስድሻለሁ አልሁ፤ ወዲያው ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤቴን አስቤ ተውሁት። እሷም ያንኑ ሳታስብ አልቀረችም፤ «ላሟስ?» አለችኝ። አባ ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ ፍርዳቸውን ለማጽናት አንድ ቃል እንዲናገሩ በዓይኔ ለመንኋቸው። «ልቧ ያልረጋበትን እኔ ምን ላደርገው ልጄ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ይህን በጻፍሁ ቁጥር ጥፋተኛውን ፈልጌ አጣለሁ፤ ሁሉም እየወደዱኝ ነበር።

አንዳንድ ጊዜ እንዲህ አስባለሁ፤ ያን ቤት ጎርፍ አላፈረሰውም፣ ጦርነት አላፈረሰውም፣ ምስጥ እንኳ የወይራ ወራጁን መብላት አቅቶት ትቶታል። ያፈረሰው የእኔ በሕይወት መኖር ነው። ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ብሆን ኖሮ ቤቱ ቆሞ ይኖር ነበር፤ ከከተማ የሚመጡትም ፎቶ ያነሡት ነበር።

እንግዲህ አሳሪዎቹ ሊነቀሉ ሆነ። ግንበኛው የጋጣውን ጣራ ቆርቆሮ አወረደ፤ ወራጆቹን አንድ በአንድ አስተኛቸው። አሁን አይቀልድም። እልልታውም ቀንሷል፤ ሰዉ እየሆነ ያለው ነገር የገባው ይመስለኛል፤ ድንጋዩን ግን መውሰዱን አላቋረጠም፤ አንዴ የተሰጠ ተሰጥቷልና። መካከለኛው ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ አሳሪዎቹ ብቻቸውን ተሰልፈው ነበር። ረጃጅም ናቸው፤ አንዱን አራት ሰው ነው የሚያነሣው። ለእነሱ ስል እኔም ትከሻዬን ሰጠሁ፤ ምን ላድርግ፣ ቆሞ ማየቱ ይብስ ነበር። እናቴ ስታየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። በደስታ ነው አሉኝ።

የጋጣው ሦስት ግድግዳ ቀረ፤ ያለ ጣራ፣ በአንድ ወገን አፉን ከፍቶ። ያ የእናቴ ነው። ጎረቤቶች ለጊዜው ጎጆ ሰጡን፤ ዕቃዋን ሁሉ አጓጓዝን፤ ብዙ አልነበረም። በሐይቁ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ከደቅ ደሴት ወዲያ ነጎድጓድ ይሰማል።

ላሟ ከግጦሽ ስትመለስ ሰው ሁሉ ሄዶ ነበር። በጋጣው በር ደርሳ ቆመች፤ በሩ አለ፣ መቃኑም አለ። ገባች። ዘወትር የምትቆምበት ቦታ ሄደች፤ ወደ ጎን ዞራ ቀዳዳዋ ወደነበረችበት ባዶ ቦታ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ ጉልበቷን አጠፈችና ተኛች። ማመንዠክ ጀመረች። እናቴ ገብታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ቀድሞ መደቧ በነበረበት በኩል ሳይሆን በላሟ በኩል።

የመጀመሪያው ጠብታ ክንዴ ላይ አረፈ።

«እምዬ ተነሺ፤ ሊዘንብ ነው። ጎጆው እየጠበቀሽ ነው።»

«እሷን አስነሣትና እነሣለሁ።»

ገመዱን ያዝሁና ሳብሁ። ቀንዷን ይዤ ሳብሁ። ጅራቷን ጠመዘዝሁ፤ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ይደረግ እንደነበረ አስታውሼ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ማመንዠኳን ቀጠለች። ዝናቡ ወረደ። እናቴ ነጠላዋን ራሷ ላይ ደረበች፤ ጫፉን በላሟ ጀርባ ላይ ዘረጋች፤ እኔም ገመዱን ሳልለቅ መሐላቸው ቆምሁ።